ምራቴን የማርምበት ጸሎት

ከባሌ ሞት ወዲህ፣ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በቤታችን የማታውን የመቁጠሪያ ጸሎት የምመራው እኔ ነበርኩ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲል፣ ራት ከመቅረቡ በፊት፣ ቴሌቪዥኑን በዳንቴል እሸፍናለሁ። ካልሸፈንኩት ልጄ በጠፋው መስታወት ላይ የኳስ ውጤት የሚታየው ይመስል ዓይኑን ከዚያ አይነቅልም። ከዚያ የእመቤታችንን ምስል ከቁም ሣጥኑ አናት አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አቆማለሁ፤ ከጎኗ ሻማ አለ። እሳት ስለምፈራ ሻማው እውነተኛ ሻማ አይደለም። መጋረጃው ይያያዛል፣ የልጅ ልጄ ፀጉሯን ታስጠጋለች እያልኩ ስነጫነጭ፣ ልጄ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነውና ሶኬት ላይ የሚሰካ ሻማ ሠራልኝ። የሕንፃው ሊፍት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል።

ሊፍቱንም ቢሆን አልወደውም። መሀል ላይ ቢቆምስ? ሦስተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ጉልበቴ እያቃሰተ በደረጃ እወጣለሁ፣ በደረጃ እወርዳለሁ። ጭንቀት ከእናቴ የወረስኩት ብቸኛ ሀብት ነው፤ አላባከንኩትም።

አራት ነን። እኔ፣ ልጄ፣ ሚስቱ፣ እና ስምንት ዓመት የሞላት ልጃቸው። ልጅቷን ሁላችንም ሚጡ እንላታለን። አምስተኛው ፊት ለፊታችን የሚኖረው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሚስቱ ካረፈች ጀምሮ ማታ ማታ ከእኛ ጋር ይጸልያል፣ ራቱንም ከእኛው ጋር ይበላል። ምራቴ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ቆማ፣ ዶሮ የጫረው የሚመስለውን የሐኪም ጽሑፍ ስታነብና ለሰው ስታስረዳ ትውላለች። ደግ ልጅ ናት። ይህን አሁን ነው እንዲህ በቀላሉ የምጽፈው።

የእኛ የካቶሊኮች መቁጠሪያ አምስት አሥርት አለው፤ አንዱ አሥርት አሥር ጊዜ የሚደገም የእመቤታችን ጸሎት ነው። ከእያንዳንዱ አሥርት በፊት መሪው ጸሎቱ ለማን እንደሚቀርብ ይናገራል፤ ስለ ታመመ ዘመድ፣ መንገድ ስለ ወጣ ሰው፣ ስለ ሙታን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እኔም እንደዚያው ነበር የማደርገው። ነገሩ የተበላሸው በሾርባ ነው። ምራቴ የሠራችው ሾርባ ጨው በዛበት። በቀጥታ ብናገር ጠብ ነው፤ ዝም ብል ደም ግፊቴ ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ይህን አሥርት ደም ግፊት ስላለባቸው አረጋውያን እናቀርባለን፤ ምግባቸውን ለሚያበስሉላቸውም ማስተዋልን እንዲሰጥልን» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾርባው ተስተካከለ። ጸሎቴ እንዲህ ቶሎ ሲሰማ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ልማድ ሆነ። ካልሲያቸውን ሶፋ ሥር ስለሚረሱ የቤተሰብ ኃላፊዎች ጸለይኩ፤ ልጄ ጎንበስ ብሎ አነሣ። በጸሎት መሀል ስለሚያንቀላፉ ሽማግሌዎች ጸለይኩ፤ ልብስ ሰፊው ከእንቅልፉ ባንኖ ከሁላችንም በላይ «አሜን» አለ። ብዙውን ግን የምጸልየው ስለ ምራቴ ነበር። ከልጃቸው ይልቅ ስልካቸውን ስለሚያዩ እናቶች። ልብስ ሳያደርቁ ስለሚያጥፉ። መስኮት ከፍተው ስለሚረሱ፣ በእነርሱም ጥፋት ጉንፋን ስለሚይዛቸው ሕፃናት። ስሟን አንድ ቀን እንኳ ጠርቼ አላውቅም፤ ይህን እንደ ትሕትና ነበር የማየው። ደግሞም ወለል ላይ በባዶ ጉልበቴ ነው የምንበረከከው፤ ሌሎቹ ሶፋውን ሲደገፉ እኔ አልደገፍም። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ድምፅሽ ለጸሎት የተሠራ ነው ይሉኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ነበር።

አንድ ማታ ታዲያ፣ ምራቴ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታወልቅ ተንበረከከች። እኔም፣ «ይህን አሥርት፣ እናታቸው ቤት የምትገባው እነርሱ ሊተኙ ሲሉ ስለሆነባቸው ልጆች እናቀርባለን» አልኩ። ምራቴ አሥርቱን ጨረሰች፣ ራት አቀረበች፣ ሳህን አጠበች፣ ደህና እደሩ ብላ ገባች።

ከማግሥቱ ጀምሮ ከጸሎት ቀረች። የሥራ ባልደረባዋ ፈቃድ ስለወጣች አምሽታ እንደምትዘጋ ነገረችን። ሰዓቷ ግን አንዲት ደቂቃ አይዛነፍም፤ የመጨረሻው መዝሙር ባለቀ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በሩ ይከፈታል። እንዲህ ሁለት ሳምንት ሄደ። ከዚያ አንድ ጠዋት ልጄ ዳቦው ላይ ማርማላታ እየቀባ፣ ቀና ሳይል፣ ፋርማሲው አጠገብ ሁለት ክፍል የሚከራይ ቤት አለ፣ መስኮቱም ሰፊ ነው አለ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ያን ቀን ምን እንደታየኝ ልናገር። ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ የሚጡ አልጋ ተነሥቶ፣ እኔና ልብስ ሰፊው ፊት ለፊት ተቀምጠን አሜን ስንባባል ታየኝ። ሚጡ ሌሊት ብታስል ማን ይሰማታል? ሰፊ መስኮት ማለት ደግሞ ሰፊ ብርድ ማለት ነው። ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ፤ ስለ ምራቴ ጸሎት አበዛሁ። ቤተሰብን ከሚበትን ኩራት እንዲጠብቃት፣ ልብ እንዲሰጣት።

ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ አብሮኝ አሜን ሲል ከርሞ፣ አንድ ከሰዓት የልጄን ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ሳለ፣ «እሜቴ፣ ኩራት ራት ነው ይባላል» አለኝ፤ ሲቀልድ እሜቴ ነው የሚለኝ። «እኔ ሞክሬው አውቃለሁ፤ አያጠግብም።»

«ልክ ብለሃል» አልኩት፤ «እሷ ግን ማን ይንገራት?»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ክሩን በምራቁ አርሶ መርፌው ውስጥ አስገባ።

ሚጡ በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ቁርባን እየተዘጋጀች ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርተ ክርስቶስ ትማራለች። ማክሰኞ ማታ፣ ምሳዋን ጨርሳ እንደሆነ ለማየት ቦርሳዋን ስፈትሽ፣ ደብተሯ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ከአስተማሪዋ ነው፤ ስለ ልጅቷ ጉዳይ ከእናቷ ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ ይላል። ወይ መታኋት ልትለኝ ነው፣ ወይ ወድቃለች፣ ወይ ሌላ ልጅ ነክቷታል። ወረቀቱን ለእናቷ መስጠት ነበረብኝ። እሷ መቼ ጊዜ አላት ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ረቡዕ ከሰዓት ሚጡን ለልብስ ሰፊው አስረክቤ፣ ከዘገየሁ ጸሎቱን ጀምሩ ብዬ፣ ጃንጥላዬን እንደ ጦር ይዤ ሄድኩ። ክፍሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ግድግዳው ላይ ልጆች የሣሏቸው በጎች ተለጥፈዋል፤ አንዱ በግ አምስት እግር አለው። አስተማሪዋ ወጣት ናት፤ ብድግ ብላ ተቀበለችኝና የልጆች ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። የማወርደውን ሁሉ በመንገድ አዘጋጅቼ ነበር፤ የልጅቷ ሳንባ ስስ መሆኑን፣ መስኮት አጠገብ እንዳትቀመጥ፣ ማን እንደነካትም ማወቅ እንደምፈልግ። ሁሉንም አወረድኩት። አስተማሪዋ በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ሚጡን ማንም እንዳልነካት ነገረችኝ።

ከዚያ የጫማ ካርቶን አወጣች። ልጆቹ በየሳምንቱ ስለ ጓደኞቻቸው የሚጸልዩትን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው እዚያ ይጨምራሉ፤ እሷ ደግሞ እያወጣች ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። ሁለት ወረቀት መርጣ ሰጠችኝ። መነጽሬን አደረግሁ። የሚጡ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ፊደሎቿ ከመስመሩ ወደ ላይ የሚወጡት እኔው ጎኗ ቁጭ ብዬ ስላስተማርኳት ነው፤ የእኔም እንደዚያው ናቸው።

«አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ስለሚጠርጉ ልጆች እናቀርባለን፤ እናቶቻቸውም መሐረብ እንዲይዙላቸው ማስተዋልን እንዲሰጥልን» ይላል አንዱ።

ሳቄ መጣ። ሁለተኛውን አነበብኩ። «ቤታቸው ባለመለማመዳቸው በንባብ ስለሚንቀረፈፉና ሌሎችን ስለሚያስጠብቁ ልጆች እናቀርባለን፤ ትጋትን እንዲሰጥልን።»

መነጽሬን አወለቅሁ። በክፍሉ ውስጥ ንባብ የሚያስቸግራት አንዲት ልጅ ብቻ ናት አለች አስተማሪዋ። ጽሑፉን አስቀድማ ሳታየው በማንበቧ ራሷን ወቀሰች፤ ግን አንዴ ከአፏ ወጥቷል፣ ልጆቹም በሙሉ ዞረው ያቺን ልጅ አይተዋታል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቅዳሜ አልመጣችም። አስተማሪዋ ቤቷ ድረስ ብትሄድም እምቢ ብላለች። ሚጡን ስትጠይቃት ደግሞ ጥፋት መሥራቷ ጨርሶ አልገባትም። እንደውም ደስ ብሏት፣ ቤታችን እንዲህ ነው የሚጸለየው ብላ መለሰችላት።

«እማማ፣» አለችኝ፣ «ቤታችሁ ጸሎቱን የሚመራው ማን ነው?»

«እናቷ ናት» አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን ሲያመልጠኝ አውቄዋለሁ፤ እንዳይመለስ ብዬ ከኋላው በሩን የዘጋሁትም እኔው ነኝ፤ ምክንያቱም አስተማሪዋ «እንዲያ ነው?» ስትለኝ አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። እሷም ተነፈሰች፤ እናቷ ዓርብ ብቅ እንድትልላት ለመነችኝ፤ በሰው ፊት ሳይሆን ብቻዋን እንደምታነጋግራትም ነገረችኝ። ከዚያ ክንዴን ይዛ ከወንበሩ እያነሣችኝ፣ «እርስዎ ግን ምንም አይጨነቁ» አለችኝ። ከስድብ ሁሉ ይህ ባሰብኝ።

ወደ ቤት መሄድ አቃተኝ። በጎን በር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባሁና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት ወለሉን ትወለውላለች፤ ሌላ ሰው የለም። ልጸልይ አልኩ። ጌታ ሆይ ለዚህች አስተማሪ ትዕግሥትን፣ ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ለምራቴም፣ አልኩና ቆምኩ። ለዚያች ልጅ ወላጆች፣ ልጃቸውን እንዲያስጠኑ፣ አሁንም ቆምኩ። ወደ የትም ብዞር የማገኘው የሰው ጥፋት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጸሎት ስመራ ስለ ራሴ የማቀርበው አንዲት ቃል አልተማርኩም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? ያረረው ሸተተኝ።

ሴትዮዋ እግሬ ሥር ደርሳ አንሡልኝ አለችኝ። ሁለቱንም እግሮቼን አንሥቼ፣ እንደዚያ ተንጠልጥዬ ሳለሁ፣ «ዋሽቻለሁ» አልኩ። ዜማ የለው፣ ቅጥ የለው፤ እንዲሁ ወጣ።

«ምን አሉኝ?» አለች ሴትዮዋ።

«አንቺን አይደለም፤ ወልውዪ» አልኳት።

ስወጣ መሽቶ መብራት በርቷል። ሕንፃችን ስደርስ አንድ ሰዓት ካለፈ አሥር ደቂቃ ሆኗል፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከጸሎት ስዘገይ የመጀመሪያዬ ነው። የደረጃውን ብረት ይዤ፣ በየእርከኑ እየተነፈስኩ፣ ምራቴን ምን ብዬ እንደማናግራት ሳብሰለስል ሁለተኛውን ፎቅ አለፍኩ። ታጠፍኩ። ምራቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

ጫማዋን አውልቃ ጎኗ አስቀምጣለች፤ እግሯ አብጧል። ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው፤ በእጇ መቁጠሪያ ይዛለች። ከላይ፣ በበራችን ሥር፣ የልጄ ድምፅ እየሾለከ ይመጣል፤ ቀጥሎ የሚጡና የልብስ ሰፊው መልስ። የምራቴ ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል። በሊፍቱ የሚጠቀም ሰው በዚያ አያልፍም፤ በደረጃ የምወጣው እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ ላይ ነኝ። ቦታውን አስባበት ነው የመረጠችው።

ስታየኝ ደንግጣ ብድግ አለች። ወድቄ እንደሆነ፣ አሞኝ እንደሆነ፣ ሚጡ ምን ሆና እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀችኝ። ከእኔ ጋር የኖረ ሰው እንደ እኔ መጨነቁ አይቀርም። ሁላችንም ደህና ነን አልኳት። ልናገር ያሰብኩት ሌላ ነው፤ ከአፌ የወጣው ግን፣ «ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ አትቀመጪ፤ ኩላሊትሽን ይመታሻል» የሚል ነው። ብዬም እዚያው ሲሚንቶ ላይ ዘጭ አልኩ።

«እርስዎስ ኩላሊት የለዎትም?» አለችኝና መልሳ ተቀመጠች።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኋት። ሦስት ሳምንት ሆነኝ አለች፤ ባልደረባዋ ፈቃድ አልወጣችም፤ ፋርማሲውም እንደ ድሮው በአሥራ ሁለት ተኩል ነው የሚዘጋው።

«እማማ፣» አለች፣ መቁጠሪያውን እያየች፤ «ቀኑን ሙሉ የሰው በሽታ ከወረቀት ላይ ሳነብ እውላለሁ። ማታ ደግሞ ቤቴ ስገባ የራሴ በሽታ ልጄ ፊት እየተነበበ ይጠብቀኛል። ደከመኝ። እመቤታችንን ግን አልተጣላሁም።»

ያን ጊዜ ነው የነገርኳት። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ካርቶኑ፣ ሁለት ቅዳሜ ስለ ቀረችው ልጅ። እነዚህን ስነግራት ድምፄ ደህና ነበር፤ ጥፋቱ ገና በግማሽ የሚጡ ነበረና። የቀረው ግን እግር አውጥቶ አልሄድ አለ። ለእግዚአብሔር በየቀኑ ማረኝ እላለሁ፤ ምንም አይከብደኝም፤ እሱ ምራቴ አይደለም።

«ማን ነው የሚመራው ብላ ጠየቀችኝ» አልኩ በመጨረሻ። «አንቺ ነሽ አልኳት።»

በግድግዳው ውስጥ ሊፍቱ እየተጎተተ አለፈ።

«እና ዓርብ ሄጄ የምቆጣው እኔ ነበርኩ ማለት ነው።»

«አዎ።»

«እርስዎ ደግሞ ቤት ሆነው፣ ተግሣጽን በትሕትና እንድቀበል ሊጸልዩልኝ።»

አስቤበት ነበር፤ እውነቷን ነው። «አዎ» አልኳት።

ፊቷን በቦርሳዋ ደፋች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አስለቀስኳት ብዬ መሐረቤን ፈለግሁ። ስትስቅ ነው። ስቃ ስቃ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች፤ ሁሉም ግን ሳቅ አልነበረም፤ መጨረሻው ላይ አፍንጫዋን ሳበች። መሐረብ ሰጠኋት።

«ይቅር በዪኝ፣ ልጄ» አልኩ። «ስለ አንቺ የጸለይኩት ጸሎት አልነበረም።»

ጫማዋን አነሣች፣ አንዱን አጠለቀች፣ ማሰሪያውን ቀስ ብላ አሰረች። «ይቅር ብያለሁ» አለች። «ለመርሳቱ ግን ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፤ ብዙ አሥርት ነው።» ከዚያ፣ «ዓርብ ማን ነው የሚሄደው?» አለችኝ።

እኔ ነኝ አልኳት። ልነሣ ብል ጉልበቴ እምቢ አለ። ጃንጥላውን ብመረኮዝ፣ ብረቱን ብስብ፣ ንቅንቅ አልል አለ። በብብቴ ገብታ አነሣችኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ እስክንደርስም አልለቀቀችኝም።

በሩን ስንከፍት አራተኛው አሥርት ላይ ናቸው። ልጄ የእኔ ቦታ ላይ ተንበርክኮ፣ የጸሎቱን መጽሐፍ አምፑል እንደሚቀይር ሰው በሁለት እጁ ይዞ ይመራል። የሚታሰበው ምሥጢር እንደ ቀኑ ይለያያል፤ ረቡዕ የክብር ምሥጢር ነው የሚጸለየው፤ እሱ የደስታውን ያነባል። ምላሴን ነከስኩት። ቦታዬን ሊለቅልኝ ብድግ ሲል በእጄ ተቀመጥ አልኩትና በሩ አጠገብ ካለችው የጫማ መቀመጫ ላይ አረፍኩ። ሚጡ እናቷን ስታይ መቁጠሪያዋን ጣለችና ሮጣ ጭኗ ላይ ተለጠፈች፤ ማንም ተመለሺ አላላትም።

መሪው የመጀመሪያውን ግማሽ ይላል፤ ሌሎቹ ሁለተኛውን ይመልሳሉ። ልጄ ስለ ጸጋዋና ስለ ብፅዕናዋ ያለውን ሲጨርስ፣ እኛ ደግሞ «ለእኛ ለኃጢአተኞች ለምኚልን» ብለን ተቀበልን። ሦስተኛው ላይ ስደርስ አንድ ነገር ገባኝ። በዚህ ቤት፣ በዚህ ጸሎት፣ ይህችን ግማሽ አፌ ካላት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። መሪ ነበርኩና ሁልጊዜ የመጀመሪያው ግማሽ ነበር የሚደርሰኝ፤ ኃጢአተኞች ነን የሚሉት እነርሱ ነበሩ፤ እኔ እነርሱ እስኪጨርሱ አየር እስብ ነበር።

አምስተኛው አሥርት ሲደርስ ልጄ ለማን እናቅርብ ብሎ ዙሪያውን አየ። ዝም አልኩ። ምራቴ፣ ልጇን እንዳቀፈች፣ «ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው» አለች። መርፌው የቱ ጋ እንደተደበቀ ቃሉን እያገላበጥኩ ፈለግሁ፤ የምደብቅበትን ቦታ ሁሉ አውቃለሁና። አልነበረም። ጉልበቴ ስላመመኝ ብቻ ነው። አሥሩንም አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ።

ራት ላይ ለልጄና ለሚጡ ነገርኳቸው፤ ልብስ ሰፊውም ነበር። ሚጡ ያቺ ልጅ ያለቀሰችው በእሷ ወረቀት መሆኑ ሲገባት ማንኪያዋን አስቀመጠች። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ከእኔ ነው የተማርሽው አልኳት። «ታዲያ አንቺን ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። ማንም፤ ራሴ ነኝ ያወጣሁት አልኳት። ልጄ ሳህኑን እያየ፣ ያ ሰፊ መስኮት ያለው ቤት ለካ ፀሐይ አያገኝም ሲል ለሚስቱ ነገራት። እሷም እኔም ሳየው አልወደድኩትም አለችው። እኔ ተነሥቼ ለሁሉም ውሃ ቀዳሁ።

ዓርብ ብቻዬን ሄድኩ፤ እዚያችው ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የምመራው እኔ ነኝ፣ እናቷ አይደለችም አልኳት። አስተማሪዋ ብዙም አልገረማትም፤ ረቡዕ ዕለት ወረቀቱን ሳነብ ከንፈሬ አብሮ ሲያነበንብ አይታ እንደነበር ነገረችኝ። አላሳፈረችኝም፤ የልጅቷን ቤት ብቻ ጠቆመችኝ። ቅዳሜ ጠዋት እኔና ሚጡ ሄድን። ሚጡ ይቅርታዋን በራሷ አፍ ተናገረች፤ እኔም ለእናትየዋ ተናገርኩ፤ እሷ ግን ቀዝቀዝ ብላ በር ላይ አቆመችን፤ መብቷ ነው። ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ ሆና ስታየን ቆየችና ሚጡን፣ በጎቹ አሁንም ግድግዳው ላይ አሉ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ባለ አምስት እግሩን የሣለችው እሷ ናት። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣች። ሳንባዋ እንደ ሚጡ ስስ ሳይሆን አይቀርም፤ ስታስል ሰምቻታለሁ፤ ለእናቷ ብነግራት ብዬ አስቤ ተውኩት።

አሁን ጸሎቱን በየተራ ነው የምንመራው። ሐሙስ የእኔ ነው። በየቀኑ የመጀመሪያው አሥርት ለራስ ነው የሚቀርበው ብለን ተስማማን፤ መሪው አንድ የራሱን ጥፋት ይናገርና ስለዚያው ይጸልያል። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ልናገር ፈልጌ ነው የጻፍኩት መሰለኝ፤ እንግዲህ የሚቀጥለው ሐሙስ ጥፋቴ ተገኘ። ልብስ ሰፊው ማክሰኞ ሲደርሰው፣ ለብዙ ዓመት ያንቀላፋው እኔ በምጸልየው ስለሚሰለች እንደነበር ተናዘዘ። ይህን ደግሞ የማን ጥፋት አድርጌ ልቁጠረው?

ረቡዕ የምራቴ ነው። ከፋርማሲ ገብታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ሚጡን ጎኗ አድርጋ ትንበረከካለች። አመራሯ ልክ የመድኃኒት አወሳሰድ እንደምታስረዳ ነው፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ በኋላ፤ ፈጣንና ግልጽ፣ ዜማ የሚባል ነገር የለውም። እኔ ጫማ መቀመጫዋ ላይ ሆኜ ግማሼን እመልሳለሁ። ባለፈው ረቡዕ ግን ሁለት ጊዜ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ትንሽ ቀስ ብትል ምን አለበት ብዬ ሳላስበው ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«እማማ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አቧራ ነው» አልኳት፤ ቀጠለች።